የዌልሷ ነርስና የካውንቲው ወንበር

መጀመሪያ ያየኋት ልጄን ላስከትብ የሄድኩ ቀን ነው። ያኔ አሜሪካ፣ ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ አንድ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ የእንጨት ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። ባለቤቴ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ እኔ ሪችፊልድ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት እሠራለሁ። ልጃችን ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ የክትባት ወረቀቷ ካልተሟላ አንቀበልም ስላለን፣ ኦፍ የሆንኩበትን ቀን ጠብቄ ወደ ካውንቲው ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።

ነርሷ ረጅም፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ወደ ስልሳ የተጠጋች ሴት ናት። መነጽሯ በክር ተንጠልጥሎ ደረቷ ላይ ይወዛወዛል። ስታወራ ድምጿ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዜማ አለው። ግማሹን አልሰማኋትም። ጥፋቱ የኔ እንግሊዝኛ መስሎኝ አፍሬ ነበር፤ ኋላ ግን አሜሪካኖቹም «ምን አልሽ?» እያሉ ሲያስደግሟት አየሁና ቀለል አለኝ።

«ከእንግሊዝ ነሽ?» አልኳት።

«አይደለሁም» አለች ቶሎ ብላ። «ከዌልስ ነኝ።»

እኔ የማውቀው ዌል ባሕር ውስጥ ያለውን ትልቁን ዓሣ ነው። ግራ መጋባቴ ፊቴ ላይ ታይቷት መሰለኝ፣ መርፌውን እያዘጋጀች አስረዳችኝ። ዌልስ ከእንግሊዝ ጎን ያለች ትንሽ አገር ናት፤ የራሷ ቋንቋ አላት፤ እናቷ እንግሊዝኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። ከበሩ ማዶ፣ መጠበቂያው ወንበር ላይ ጎረቤታችን ጋሼ ተቀምጦ ነበር። የአርሲ ኦሮሞ ነው፤ ዕድሜውን በታክሲ ሹፌርነት የገፋ፣ ወሬ የማያመልጠው ሰው። ሁሉንም ሰምቶ ኖሮ ከት ብሎ ሳቀ።

«እኔ ገብቶኛል» አለኝ በአማርኛ። «እኔንም አማርኛህ ጥሩ ነውና አማራ ነህ ሲሉኝ ልክ እንደዚህች ሴትዮ ቶሎ ብዬ ነው አይደለሁም የምለው።»

ምን እንዳለ ጠየቀችኝ፤ እንደምንም ተረጎምኩላት። መርፌውን አስቀምጣ ወጣችና ጨበጠችው። ከዚያ ተመልሳ የልጄን ስም ሦስት ጊዜ አስደግማኝ፣ አጠራሩን በራሷ መንገድ ካርዱ ላይ ጻፈች። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አላበላሸችውም። እንግሊዝኛ አንቺና አንቱ ስለማይለይ ከመጀመሪያው እንደ እኩያ ነው የተነጋገርነው፤ በናቴ ዕድሜ ብትሆንም አሁንም አንቱ ማለት አይመጣልኝም።

አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ከካውንቲው ወፍራም ደብዳቤ መጣ። ካውንቲ ማለት ከከተማው ከፍ፣ ከስቴቱ ዝቅ ያለ አስተዳደር ነው፤ በእኛ ቢሆን አውራጃ እንደማለት። የሚያስተዳድረው ሰባት ሰው ያለው ምክር ቤት ነው። እኔ ደብዳቤውን ማስታወቂያ መስሎኝ ልጥለው ነበር። ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ ናት አንብባ የነገረችኝ፦ ክሊኒኩ ሊዘጋ፣ ከከተማ ወጣ ካለ ሌላ ክሊኒክ ጋር ሊጠቃለል ነው።

«ከመወሰናቸው በፊት ሕዝብ ያዳምጣሉ» አለችኝ። «ሰው ሄዶ መናገር አለበት። እኔ ተቀጣሪ ነኝ፤ እኔ ብናገር ለእንጀራዋ ነው ይሉኛል። አንቺ ብትናገሪስ?»

ስብሰባው በሥራ ቀን፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነበር። ከሰፈራችን አምስት ሴቶች ሄድን። ሌሎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ማን በዚያ ሰዓት ይመጣል? አዳራሹ ትልቅ፣ ምንጣፉ ወፍራም፣ ሰባቱ ሰዎች ከፍ ያለ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጡ። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈቀደው። ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤ ነበር። ማይኩ ጋ ስደርስ ግን ድምፄ ጠፋ። «እኔ እናት ነኝ» ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ ፊደሉ ዓይኔ ላይ ተደባለቀ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሳለሁ ሊቀመንበሩ ትንሿን ደወል መታና «እናመሰግናለን» አለኝ። ሽማግሌ ነው፤ ክፉ ሰው አይመስልም። ደግሞም በትሕትና ነው ያስቆመኝ። ወዲያው ድምፅ ሰጡና ክሊኒኩ እንዲዘጋ ወሰኑ።

ደረጃው ላይ ቆሜ እያለቀስኩ ሳለ ነርሷ ከኋላዬ መጣች። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ስታይ ነበር።

«ሰባት ወንበር አየሽ?» አለችኝ። «ከነሱ ውስጥ በባስ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ አለ ብለሽ ታስቢያለሽ?»

«እኔ እንጃ።»

«የእኛ ሰፈር ወንበር በሚመጣው ምርጫ ነፃ ነው። የያዘው ሰውዬ ጡረታ ሊወጣ ነው። እኔ ልወዳደር ነው።»

«ነርስ ነሽ እኮ» አልኳት።

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ስለ አባቷ ነገረችኝ። አባቷ ከሰል ማዕድን ቆፋሪ ነበር። ቀን መሬት ውስጥ ውሎ፣ ሲመሽ ታጥቦ፣ ክራቫቱን አስሮ የአካባቢያቸው ምክር ቤት ይቀመጣል። እጁ ላይ የከሰሉ ጥቁር መስመር ሳሙናም አይለቀውም ነበርና፣ ሀብታሞቹ አባላት ሲጨብጡት መዳፋቸውን ሰረቅ አድርገው ያያሉ። ለሰፈሩ የቧንቧ ውሃ ያስገባው ግን እሱ ነው። «እኛ ቤት ምክር ቤት የሌላ ሰው ሥራ አልነበረም» አለችኝ።

ውድድሯን ጀመረች፤ ሥራዋን ለቀቀች። እኛም የምንችለውን አደረግን፤ በየአፓርታማው ወረቀት በተንን፣ በር አንኳኳን። ሰዉ በሩን ይከፍታል፣ ሻይ ያቀርባል፣ ልጆቹን ያስከተበችለትን ነርስ ያስታውሳል፣ ይመርቃታል። ደስ አለን። ያሸነፍን መሰለን። ኅዳር ሲመጣ በሰፊው ተሸነፈች።

«የሚወዷት ሁሉ ግሪን ካርድ ነው ያላቸው» አለ ጋሼ። እውነቱን ነው። እኔም ራሴ ዜጋ አልነበርኩም፤ ቮት ማድረግ አልችልም ነበር። ያሸነፈው አንድ ጠበቃ ነበር፤ ሰፈራችንን የሚያውቀው በመኪና ሲያልፍ ነው።

በማግሥቱ ጋሼ፣ ሚስቱና እኔ ሩዝና ዳቦ ይዘን ቤቷ ሄድን። ሰው ክፉ ነገር በደረሰበት ጊዜ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አናውቅም። ግቢዋ ውስጥ ተንበርክካ፣ በብርድ ሊጠነክር በተቃረበው መሬት ውስጥ የአበባ ሥር ስትቀብር አገኘናት። ሦስታችንን ከነድስታችን ስታይ ደነገጠች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አለ ጋሼ። «በእኛ አገር የተሸነፈ ሰው ብቻውን አይቀመጥም።»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ በጭቃማ ጓንቷ ዓይኗን ጠረገች። ወጥ ቤት አስገባችንና በላን። ሳህኖቹን እያነሳች «ጥፋቴ ገብቶኛል» አለች። «ዓመቱን ሙሉ ሳንኳኳ የከረምኩት ቮት የማያደርጉ ሰዎች በር ነው።»

«እንግዲያው ቮት የሚያደርጉ እናድርጋቸው» አለ ጋሼ፣ ቀላል ነገር እንደሚያወራ ሁሉ።

የሚቀጥለው ምርጫ አራት ዓመት ይቀረዋል። እሷ ሌላ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ ያዘች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ግን ምድር ቤቷ ውስጥ የዜግነት ትምህርት ከፈተች። መጀመሪያ አራት ሰዎች ነበርን። ቀስ በቀስ ከወሎም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከአርሲና ከሐረርም የመጣው ሰው በዛና ወንበር ጠፋ፤ ግማሹ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይማር ጀመር። ጥያቄዎቹን ትጠይቃለች፣ እኛ እንመልሳለን። እሷም ከስንት ዓመት በፊት ያንኑ ፈተና ወስዳ ነው ዜጋ የሆነችው፤ ስለዚህ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ታውቃለች። «ሴኔት» የሚለውን ሰው ሁሉ አስተካክሎ ሲል፣ የእሷ አጠራር ብቻ ነበር የማይገባን።

ባለቤቴ አልወደደውም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ወንድሙ አገር ቤት በፖለቲካ ታስሮ ተሰቃይቷል፤ እናታቸው በዚሁ ሐዘን ነው ያለፉት።

«ፖለቲካ የነካ ሰው እጁን ቢታጠብ አይለቀውም» ይለኛል። «ልጅሽን አሳድጊ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

«ክትባት እኮ ነው የምንጠይቀው።»

«ሁሉም በዚያ ነው የሚጀምረው።»

አልተጣላንም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ኩርፊያ ነበር። ፈተናውን አልፌ ለዜግነት ቃል የገባሁ ዕለት እሱ ፈቃድ አጣሁ ብሎ አልመጣም። ነርሷና ጋሼ ነበሩ። ልጄም ነበረች፤ ያን ጊዜ አሥር ሞልቷታል፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። «አሁን ቮት ማድረግ ትችያለሽ ማለት ነው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «እችላለሁ» አልኳት በአማርኛ። «ኩል» አለች።

ሁለተኛው ውድድር የተጀመረው በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። እዚህ አገር ፓርቲዎች የሚደግፉትን ሰው ከመምረጣቸው በፊት በየሰፈሩ ኮከስ የሚሉት ስብሰባ አለ። እኔ ዘበኛ፣ ወረቀት ጠያቂ፣ ፈታሽ ይኖራል ብዬ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰሃን ብስኩትና ዘጠኝ ሰዎች ናቸው ያሉት። እኛ ከቅዳሜው ትምህርት የወጣን አሥራ አራት አዳዲስ ዜጎች ነን። ሰብሳቢው ወደ ትልቁ ጉባኤ በተወካይነት መሄድ የሚፈልግ እጁን ያውጣ አለ። ተያየን። ጋሼ አወጣ፣ እኔም አወጣሁ፣ ከዚያ ሁሉም አወጣ። በቃ፣ ዴሌጌት ሆንን። ስንወጣ ጋሼ «በሩ ክፍት ነበር ማለት ነው?» አለኝ። «ሃያ ዓመት በዚህ በር ፊት ታክሲ ስነዳ ማንም አልነገረኝም።»

ጉባኤው ሚያዝያ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቀን፣ የአንድ ሃይስኩል ጂም ውስጥ ነበር። ከኛዋ ነርስ ጋር የሚፎካከረው ያው ወንበሩን የያዘው ጠበቃ ነው። የፓርቲውን ድጋፍ ለማግኘት ከግማሽ በላይ ብቻ አይበቃም፤ በደንብ መብለጥ አለበት። መጀመሪያው ዙር ላይ እሱ መራ። ሁለተኛው ላይ ተቀራረቡ። በመካከል ሰዓቱ ይሄዳል። ሰዉ መቁነጥነጥ ጀመረ፤ አንዱ ልጁ ኳስ ጨዋታ አለው፣ አንዷ ውሻዋ ቤት ውስጥ ተዘግቶባታል። አንድ አንድ እያለ ይወጣል። ነርሷ በየተራ መጥታ በጆሯችን «ማንም እንዳይወጣ፣ የሚያሸንፈው የሚቆየው ነው» ትለናለች። ከጠዋት ጀምሮ የቀመስነው ቡናና ብስኩት ብቻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ባለቤቴ ደወለ።

«የት ነሽ እስካሁን?»

«ሦስተኛው ዙር ገና ነው።»

«በላችሁ?»

«ብስኩት አለ።»

«በብስኩት ነው እንዴ ፖለቲካ የሚሠራው?» ብሎ ዘጋው።

አንድ ሰዓት አልሞላም፣ የጂሙ በር ተከፍቶ እሱ ገባ። በፎይል የተሸፈነ ትልቅ ትሪ ይዟል። ከኋላው የጋሼ ሚስት ሌላ ትሪ፣ ልጄ ደግሞ ሳህንና ናፕኪን። ሳምቡሳ ነው፤ ሥጋም ምስርም። የጋሼ ሚስት ለሰንበት ሰርግ ጠብሳ ያስቀመጠችውን አስወጥቷት ነው። የእኛ ሰዎች ሲበሉ ቆሞ አየና፣ ትሪውን አንስቶ ማዶ ወደተቀመጡት ወደ ጠበቃው ደጋፊዎች ሄደ።

«እነሱ እኮ የኛ አይደሉም» አለው ጋሼ።

«ቢሆንም፣ ተርቧል ሰዉ» አለ ባለቤቴ።

ማዶ አንድ ኮፍያ ያደረጉ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ሦስት ሳምቡሳ በልተው «ይሄን ካበላችሁኝ እቆያለሁ፤ ድምፄን ግን ለራሴ ሰው ነው የምሰጠው» አሉት። ባለቤቴ «መብትዎ ነው» ብሎ አራተኛ ጨመረላቸው። ተሳሳቁ።

ሦስተኛውም ዙር አልለየም፤ ከአራተኛው በፊት ሰብሳቢዋ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሁለት ደቂቃ ሰጠች። ጠበቃው ራሱ ወጥቶ ጥሩ ተናገረ። ነርሷ ግን ወንበሬ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«አንቺ ተናገሪልኝ» አለችኝ።

«አልችልም። ያኔ አየሽኝ አይደል?»

«አየሁሽ። ያኔ ተነስተሽ ሄደሻል። ስንት ሰው ነው የሚነሳው?»

ሄድኩ። ወረቀት አልነበረኝም፤ ምናልባት ያ ነው የጠቀመኝ። የደረሰብኝን በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። ክሊኒኩ ከቤቴ አሥር ደቂቃ እንደነበር፣ ከተዘጋ በኋላ ልጄ ጆሮዋን ሲያማት በሁለት ባስ እንደወሰድኳት፣ ደርሰን ቀጠሯችሁ አልፏል ተብለን እንደተመለስን፣ በዚያ የተነሳ የሥራ ቀኔ ተቃጥሎ አለቃዬ እንደተቆጣችኝ። ይህች ሴት ሥራዋን ለቅቃ ለኛ እንደቆመች፣ ተሸንፋም ቤቷ ቁጭ ብላ ሳታለቅስ እኔን ዜጋ እንዳደረገችኝ ነገርኳቸው። «የመጀመሪያ ድምፄን በሕይወቴ የምሰጠው ለሷ ነው» ብዬ ጨረስኩ። ሰዓት ያዡ ገና እጁን አላነሳም ነበር። ዞር ስል ባለቤቴ ባዶውን ትሪ ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል፤ ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም።

ቆጠሩ። በቂ ሆነ፤ ትንሽ ተርፎም ነበር። ጂሙ ውስጥ የቀረው ሰው ተነስቶ አጨበጨበ፣ ኮፍያ ያደረጉት ሰውዬም ጭምር። ነርሷ መጥታ አቀፈችኝ። መኪና ውስጥ ስንገባ ባለቤቴ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት «የዜግነት ፎርሙ የት ነው የሚገኘው?» አለኝ።

ከምርጫው በፊት ያለው ወር ረመዳን ነበር። ጾመን ነው በር ያንኳኳነው። መግሪብ ሲቃረብ የገባንበት ቤት አፍጥሩ ሳይሉን አይለቁንም፤ ነርሷም ተምር በቦርሳዋ መያዝ ለመደች፤ ደረጃ ላይ ከደረሰብን እዚያው ታድለናለች። እኛ ጾመን እሷ ፊታችን አትበላም ነበር፤ ብዙ ለመንናት፣ እንቢ አለች።

የምርጫው ቀን ከሥራ በፊት ልጄን ይዤ ሄድኩ። የድምፅ ወረቀቱ ላይ ክቡን በቀለም ሞላሁት፤ ከመስመሩ እንዳይወጣ እጄን ደግፌ ነው። ወረቀቱን ማሽኑ ሲውጠው ልጄ ከኔ በላይ ደስ አላት። የምርጫ ሠራተኛዋ የሰጠችኝን «ድምፅ ሰጥቻለሁ» የሚል ቀይ ስቲከር ቀምታ የራሷ ደረት ላይ ለጠፈችው።

በማግሥቱ ጠዋት ሺፍት ስለነበረኝ በጊዜ ተኝቼ ነበር፤ ውጤቱን አልሰማሁም። ሪችፊልድ ገብቼ፣ ዘጠናን ያለፉ አንድ እናት ቁርሳቸውን ሳቀርብላቸው ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ። ስለ ምርጫው ሳወራላቸው ነበር የከረምኩት።

«ያንቺ ዌልሽ አሸነፈች» አሉኝ።

ጋዜጣውን ተቀብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። ስሟ አለ፤ ከፊቱ ምልክት ተደርጎበታል። እሳቸው «በይ ቁጭ በይ፣ እንቁላሉ አይሸሽም» አሉኝ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ምን እንዳልኩ ጠይቀውኝ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም በራሳቸው አጠራር አሜን አሉ።

ጥር ውስጥ ቃለ መሐላ ስትፈጽም ያ ወፍራም ምንጣፍ ያለበት አዳራሽ በኛ ሰው ተሞላ። ጋሼ ለልጁ ሰርግ ያሰፋውን ሱፍ ለብሶ ነው የመጣው። ማዕረጓ «ኮሚሽነር» መባሉ ግን ጣጣ አመጣ። ሰፈር ውስጥ ኮሚሽነር የሚባለው ፖሊስ ነው ብሎ የሚያስበው ብዙ ነው፤ ወር ሳይሞላ የትራፊክ ቅጣት የተጻፈበት ሁሉ አስምሪኝ እያለ ይደውልላት ጀመር። ሁሉንም በትዕግሥት አዳምጣ፣ የት መሄድ እንዳለባቸው ትነግራቸዋለች።

ማሸነፍ ግን ክሊኒኩን አልከፈተልንም። ከሰባት አራት ድምፅ ያስፈልጋል። ሁለቱ ቶሎ ተስማሙላት። ከሷ ጋር ሦስት ሆኑ። አራተኛ ጠፋ። ዓመት ሙሉ ወረቀት አቀረበች፣ ተከራከረች፣ ወደ ሌላ ጊዜ ይተላለፍ ተባለ። አንድ ቀን ደውላ «ሕፃኗ ቀጠሮዋ መቼ ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ሁለተኛዋን ልጄን ወልጄ ነበር። የካቲት ውስጥ፣ ከከተማ ወጣ ባለው ክሊኒክ የስድስት ወር ክትባት አለባት።

«አብረውሽ የሚሄዱ እንግዶች ላመጣ እችላለሁ?» አለችኝ።

በቀጠሮው ቀን ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ባስ ማቆሚያው ጋ፣ እሷ ከሊቀመንበሩ ጋር ቆማ ጠበቀችኝ። ያ ደወል የመታብኝ ሽማግሌ ነው። አላወቀኝም፤ እኔም ማን እንደሆንኩ አልነገርኩትም። ቀጭን የቆዳ ጫማ አድርጓል። የመጀመሪያውን ባስ ጥሩ ሄድን። ወርደን ስንጠብቅ ግን ሁለተኛው ባስ ዓይናችን እያየ ሄደ። ቀጣዩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። መጠለያ የለም። ነፋሱ ሜዳውን አቋርጦ ፊታችንን ይጋረፋል። ሰውየው መጀመሪያ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ መንገዱን፣ ከዚያ ጋሪዋ ውስጥ ያለችውን ልጄን። ጥቂት ቆይቶ ከነፋሱ በኩል ዞሮ ቆመና ኮቱን ከፍቶ ጋሪዋን ከለላት።

«ካርታው ላይ ሁለት ኢንች ነበር» አለ። ለማን እንደተናገረ አላወቅኩም።

ነርሷ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፤ ብልህ ናት። ሰዓቱን ሙሉ እዚያው ቆምን። ክሊኒክ ስንደርስ ቀጠሮዬ አልፎ ነበር፤ ተቀባይዋ ሌላ ቀን ልትሰጠኝ ስትል ሽማግሌው በቀዘቀዘ ድምፅ «እባክሽ ልጅቷ ትከተብ» አላት። ማንነቱን አልተናገረም። ተከተበች።

በሚቀጥለው ወር ድምፅ ሲሰጡ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እጅ ወጣ። ከዚያ ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን አወጣ። ነርሷ ወደኛ አላየችም፤ ፊቷን ወደ ወረቀቷ ደፍታ ነበር፣ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ይታየኛል።

ክሊኒኩ በዚያው ዓመት መኸር ላይ ተከፈተ፤ ድሮ ጎማ ይሸጥበት በነበረ ቤት ውስጥ፣ ያው ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ። ማስታወቂያው በስድስት ቋንቋ ተጻፈ። እኔም ማታ ማታ ኮርስ ወስጄ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ሆኜ እዚያ ተቀጠርኩ፤ ሪችፊልድ ያሉት እናቶች ስሰናበታቸው አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። የመጀመሪያው ቀን ሰልፉ ጥግ ዞሮ ነበር። ኮሚሽነሯ ንግግር እንድታደርግ ሲጠይቋት «ሰዉ ቆሟል፣ እናስገባ» ብላ በሩን ራሷ ያዘች።

ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ አባላቱ እሷን ሊቀመንበር አድርገው መረጧት። ክሊኒክ ደውላ ነገረችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። «ጋሼ አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ካንቺ ቀድሞ ደውሏል።»

ሳቀች።

«መጀመሪያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ስብሰባውን ከጠዋት ወደ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አዛውራለሁ» አለችኝ። «ሠራተኛ ሰው ሥራ ውሎ እንዲመጣ።»

የመጀመሪያው የማታ ስብሰባ ዕለት እኔና ባለቤቴ ከየሥራችን ቀጥታ ሄድን። እሱም በዚያ ሰሞን ዜጋ ሆኗል፤ የመጋዘን ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ዩኒፎርም የለበሱ ነርሶች፣ የባስ ሹፌሮች፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ እናቶች። የጥበቃ ሠራተኛው ከቀጣዩ ክፍል ወንበር እየጎተተ ያመጣል፤ ባለቤቴና ጋሼ ተነስተው ያግዙት ጀመር። እሷ ከፍ ካለው ጠረጴዛ ኋላ፣ መሐል ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁሉም ሰው ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ጠበቀች። ሰዓቱ አልፎ ነበር። አንዱ አባል ዞር ብሎ አያት፤ እሷ ግን አልቸኮለችም። የመጨረሻዋ ሴትዮ ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ፣ ማይኩን ከፈተችና በዚያ ዜማ ባለው ድምጿ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች።